በሐሜት ፍጥነት መሮጥ

ለቤተሰቡ አባላት፣ ለወዳጅ ዘመድና ለሚመለከታቸው ሁሉ፦

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር፣ ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየው በቆየው ጥቁረት ምክንያት፣ ባለፈው እሑድ ከካልሲ በመውጣት ላይ ሳለ በድንገት ከእኛ መለየቱን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ሟች በዝምታውና በጫማ አፍንጫ ሥር ባሳየው ጽናት ሲታወስ ይኖራል። አራት ታናናሽ ወንድሞቹን በሐዘን ትቶ አልፏል። ሥርዓተ ቀብሩም የቅርብ ቤተሰብ፣ ማለትም እኔ፣ በተገኘሁበት በመታጠቢያ ቤቱ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተፈጽሟል። ለቅሶ መድረስ ከፈለግሽ ጊዜው አልረፈደም።

ይድረስ ለልጅ ልጄ፤ ሰላምታ ሳታስቀድም ጥያቄ ለምታስቀድመዋ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ሥራሽስ? ያ ከላይሽ ያለው፣ አንቺ ልትተኚ ስትይ ዕቃ መጎተት የሚጀምረው ጎረቤትሽ፣ ዕቃውን ጎትቶ አልጨረሰም? እኔ ከናፍቆትሽና ከሟቹ ጥፍር በስተቀር አንድም የጎደለኝ ነገር የለም። ፊደሌ ገዝፎ ስታዪው አትደንግጪ፤ ጨርቅ ላይ ምልክት በማደርግበት ወፍራም እስክሪብቶ ስለምጽፍ ነው። ትልቅ ሰው ትልቅ ፊደል ይጽፋል። ደግሞም የምጽፍልሽ ቆሜ ነው፤ በድሮው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ። ቁጭ ካልኩ እግሬ ከሥር የሌለ የስፌት መኪና መርገጥ ይጀምራል። ሰሞኑን ሁለመናዬ እንዲህ ሆኗል። ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ምንም። ጫማዬን አስራለሁ፣ ቆም ብዬ እፈታዋለሁ፣ ደግሞ አስረዋለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፀጉር ሠሪዋ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ከድሮው ሱቄ አጠገብ ያለችውን ማለቴ ነው፣ ታውቂያታለሽ። ራሴ ማንበብ አቅቶኝ እንዳይመስልሽ፤ ደብዳቤ በሴት ድምፅ ሲነበብ ስለሚያምር ነው። ጥሩ አድርጋ አነበበችው። የሚመጣው ወር ውድድር ላይ ምራኝ፣ ስድሳ ኪሎ ሜትር ብቻዬን አልደፍርም፣ አባባ አንተ ከፊት ከሆንክልኝ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እከተልሃለሁ ብለሻል። እዚህ ላይ ስትደርስ አስቆምኳትና ቤቱን አንዴ ዞሬ መጣሁ። ምን ሆኑ ጋሼ አለችኝ። እግሬን ነዝሮኝ ነው አልኳት።

መልስ እሰጥሻለሁ፤ ግን አሁኑኑ አይደለም። ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለሽ እንዳታነቢ! አውቅሻለሁ፤ በልጅነትሽም ተረት ስጀምርልሽ ጅቡ ሞተ ወይስ አልሞተም ብለሽ ከአፌ የምትነጥቂ ነበርሽ።

አስቀድሜ ግን አንድ ማሳሰቢያ። ይህ ደብዳቤ እናትሽ እጅ እንዳይገባ። ባለፈው ጉልበቴን ተልጬ ካየችኝ ወዲህ የወለድኳት ልጅ ወላጄ ሆናለች። ሌላ ጊዜ አንዴ ብትወድቅ፣ አንዴ ብትጠፋ፣ ጫማህን ለቅሜ ጥዬ እኔ ቤት ነው የማስገባህ ብላ ፈርዳብኛለች። እሷ ቤት ማለት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ምንጣፍና ሊፍት ያለው። አስቢው እስቲ፣ ደረጃ እንኳ የማይወጣበት ቤት! እዚያ ከገባሁ ቀሪ ዘመኔን ከሶፋ ወደ ሶፋ ስሮጥ ታገኚኛለሽ። እሷ ለእኔ ብላ ነው፤ አውቃለሁ። ለእኔ ብለው የሚያደርጉልኝን ነገር ግን ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ።

እንዴት መሮጥ እንደጀመርኩም እናትሽ የምታወራውን ተይው። ሐኪም አዞለት ነው ትላለች። ያዘዘኝ ሐኪም ሳይሆን ዳኛ ነው። ስድሳን ተሻግሬ፣ አያትሽም ካረፈች ዓመት ሳይሞላት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና ስረግጥ ኖሬአለሁ፤ በዚያ ሁሉ እርግጫ ከወንበሬ አንዲት ስንዝር ፈቅ አላልኩም። አንድ ቀን ባለ ጋራዡ ያሰፋውን ቱታ ተቀብሎ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ጥቅሉን ሲፈታ፣ ጥቁር የሱፍ ሱሪ ከውስጡ ወጣ። የዳኛው ሱሪ ነው። ቱታውን ለዳኛው ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው! ዳኛው ደግሞ በጡረታ የሚሸኘው በማግስቱ ነው። ሰውዬው የመኪና ዘይት መከላከያ ለብሶ ንግግር ሊያደርግ ነው።

ከሱቅ ብቅ ስል ዳኛው ጥቅሉን ይዞ አውቶቡስ ላይ ወጥቷል። ሱሪውን በክንዴ አንጠልጥዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ፌርማታው ጋ ስደርስ አውቶቡሱ ይነሳል፤ ቀጣዩ ጋ ስደርስ ይነሳል። ዳኛው በኋለኛው መስኮት አይቶኛል። ሹፌሩን አቁም ማለት ሲችል ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ። እንዲህ ስንተያይ የመጨረሻው ፌርማታ ደረስን። ወርዶ፣ ከላይ እስከ ታች መረመረኝና፣ አቤቱታህ ምንድን ነው አለኝ። ሱሪውን አሳየሁት። እሱ ግን ሱሪውን አላየም። አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ሮጠህ እንዴት ትንፋሽህ አልተቆራረጠም ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። እግዜር ያሳይሽ፣ ለካስ ያ ሁሉ ዓመት እርግጫ የትም አልሄደም፤ እግሬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልሆነልኝም። ቤቱ ጭር ሲልብኝ እወጣለሁ። መጀመሪያ እስከ ፌርማታው፣ ቀጥሎ እስከ አሮጌው የውኃ ጋን፣ ቀጥሎ ከጫካው ወዲያ። አያትሽ በሌለችበት ቤት መቀመጥ ከዳገት የበለጠ ያደክም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናትሽም ቢሆን። ሰው ሁሉ ለጤናው ነው ይላል፤ ይበል።

እንቁላል በእግሩ የሄደውን ያህል ቀስ በቀስ ስሄድ ሃምሳውንም ሰማንያውንም ኪሎ ሜትር ጨረስኩት። አንደኛ ወጣሁ እንዳልልሽ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ስደርስ የመጨረሻውን መስመር ጨርቅ እያጣጠፉ አገኘኋቸው። ዘርጉት እንጂ፣ እኔ አልጨረስኩም አልኳቸው። ዘረጉት። አጨበጨቡልኝም፤ ሁለት ሰዎችና አንድ ውሻ።

ዳኛው ጡረታ ሲሰለቸው እኔንም አሩጠኝ ብሎ መጣ። ባለ ጋራዡን ሆዱ አመጣው። ፀጉር ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ወገቧን እንዲፈታላት ፈልጋ መጣች። እያለ እያለ ሰፈሩ ተጠራቀመ። አሠልጣኝ ይሉኛል እንግዲህ፤ የት ሠለጠንክ ያለኝ ግን የለም።

አሠራሬን ታውቂዋለሽ። እኛ ዘንድ የሚሮጠው በሐሜት ፍጥነት ነው። እየሮጠ ሰው ማማት ያልቻለ ፈጥኗልና ይቀንስ። ከሰማው ላይ ከራሱ መጨመር የጀመረ ደግሞ ዘግይቷልና ይፍጠን። ከሰዓትም ከምንም ይሻላል! ዳኛው መጀመሪያ ያለ ማስረጃ ሰው አላማም ብሎ አስቸግሮን ነበር፤ ዳገቱ ራሱ አሳመነው። ሌላ ደግሞ አንድ ሕግ አለችኝ፤ ስንሄድ ማንም ከእኔ ፊት አይወጣም። አዲስ ሯጭ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ጀግና ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ኋላ መንገድ ላይ ተዘርግቶ እናገኘዋለን። ስለዚህ ከፊት እኔ አለሁ፣ እንደ በር። ጥሩ ሕግ ነበረች። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ።

ቆዪ፣ ተነስቼ ልምጣ።

ለካ ቆሜ ነው። እሺ።

ቅዳሜ ጠዋት የውድድሩን መንገድ ልናጠና ወደ ጥዱ ጫካ ወጣን። ጉም ነበር፤ እጅሽን ብትዘረጊ ጣትሽ የማይታይሽ፣ ድፍን ያለ ነጭ ጉም። አዘጋጆቹ መንገዱን ለማሳየት በየዛፉ ላይ ሪባን አስረዋል። ከውኃ ጋኑ ዘንድ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ቀኙ ከተዘጋ ወደቆየው የድንጋይ ማውጫ ይወስዳል። የእኔ መንገድ ነው፤ ከቤቴ ኮሪደር በላይ ተመላልሼበታለሁ። ከፊት ነኝ። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ።

ሁሉም ተከተሉኝ።

ልብ ያልኩት መጀመሪያ ዝምታውን ነው። ፀጉር ሠሪዋ ስለ አንዲት ደንበኛዋና ስለ ሁለት እጮኞቿ እያወጋችን ነበር። ሁለተኛው እጮኛ አበባ ይዞ በር ሲያንኳኳ፣ የመጀመሪያው ከውስጥ ማነው ሲል፣ ድርግም አለች። ሐሜት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አይቆምም። ምን አለች፣ ከፈተችለት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ትንፋሿን ብቻ ሰማሁ። ዳገቱ ከብዷት ነው አልኩ። ቀጥሎ ከእግሬ ሥር ያለው ድምፅ ተለወጠ፤ የጫካ አፈር መሆኑ ቀረና የተፈለጠ ድንጋይ ሆነ። አሁንም አንድ እርምጃ ላነሳ ስል አንገትጌዬ ከኋላ ተያዘ፤ እናቲቱ ድመት ግልገሏን እንደምታነሳው። ፀጉር ሠሪዋ ናት። እግሬ የነካው ጠጠር ከፊቴ ወደ ታች ሲወርድ ሰማሁት። ታች እስኪደርስ ብዙ ቆየ።

ከዚያማ ችሎት ሆነ። ስሳሳት ለምን ዝም አላችሁኝ ብዬ ጮህኩባቸው። ባለ ጋራዡ አቋራጭ ያገኙ መስሎኝ ነው ጋሼ አለ። ዳኛው በበኩሉ፣ ሪባኖቹ በግራ በኩል እንደነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ከመሪው ፊት አይወጣም ብለህ የደነገግህ አንተ ነህ፤ ሕግ ደግሞ ገደል አፋፍ ሲደርስ ይሻራል የሚል አንቀጽ አላስገባህም አለኝ። አየሽ፣ ሊሞት ሲል እንኳ ሕግ ይጠቅሳል። ፀጉር ሠሪዋ ግን አንገትጌዬን ሳትለቅ፣ እንደ ልማድዎ እየቀለዱብን መስሎኝ ነው የተከተልኩዎት አለች። ባለፈው ዓመት አንድ የዶሮ ቤት ሦስት ጊዜ አዙረውን ማን ነቃ ብለው አልሳቁብንም ወይ? ታዲያ መቼ እንደሚቀልዱ፣ መቼ እንደማይቀልዱ በምን እንወቅ?

እውነቷን ነው። ስቄባቸዋለሁ። የዶሮው ባለቤት ሳይቀር ስቋል።

እኔም የተናገርኩትን ትገምቺዋለሽ። ፈተና ነበር፣ ሁላችሁም ወድቃችኋል አልኩ። ሳቁ። ባለ ጋራዡ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዳኛው ይግባኝ እጠይቃለሁ አለ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ስንመለስ እጅጌዬን ይዛኝ ነበር የምትሄደው። እግሬን ወለም አለኝ፣ ልደገፍዎት ብላ ነው። ግን አታነክስም ነበር።

ልጄ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እንዲህ አልቀመጥ ያልኩት። ያ ጠጠር እስካሁን ይወርዳል። በር ልከፍት ስል ይወርዳል፣ ካልሲ ላወልቅ ስል ይወርዳል። ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ ቤታቸው የሚጠብቃቸው አለ። አንዳቸውም እኮ አልጠየቁም! ሰው እንዲህ ሲያምንሽ ደስ ይላል ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ያስፈራኛል። አንቺ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ እከተልሃለሁ ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ሰኞ ዕለት ፊሽካውን ለፀጉር ሠሪዋ ሰጠኋት። ጥርሴ አልይዝልኝ አለ አልኳቸው። ዳኛው ተነስቶ ከኋላ የሚሮጥ አሠልጣኝ የት አገር ታይቷል ብሎ ተቃወመ። የሚነዳ ሰው ቦታው ከኋላ ነው፤ የሚነዳው ከብት ማን እንደሆነ አንተው ፍረድ አልኩት። ዛሬም ድረስ አኩርፎኛል፤ ሲያኮርፍ ፍጥነቱ ይሻሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አልመራሽም። አትቆጪ፣ ጨርሺው። አንቺ ትመሪኛለሽ። ከስድሳው ኪሎ ሜትር አንዲቷንም ከፊትሽ አልሆንም።

ምክንያቱን አሠልጣኝ አይጠየቅም። ይልቅ የምትለብሺው ተዘጋጅቷል። ብርቱካናማ ሰደርያ ቆርጬልሻለሁ፤ ያ ከሩቅ የሚጮኸው፣ አንቺ የመንገድ ሠራተኛ ያስመስለኛል የምትይው ቀለም። ቀለሙ ያምርብሻል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ጨምሬበታለሁ። ልክሽን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ከጠበበሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ክሩን በመርፌ ቀዳዳ የምታስገባልኝ የጎረቤቴ ሚስት ናት፤ ሥራ ፈት ስለሆነች እንዳይከፋት ብዬ ነው። ስፌቱ እዚህም እዚያም ከተጣመመ የዘመኑ ፋሽን ነው በይ።

ደግሞ አፍሽን እንዳትዘጊ። ሙሉውን መንገድ አውሪኝ። አለቃሽን እሚልኝ፣ ጎረቤትሽን እሚልኝ፣ እናትሽንም ትንሽ እንነካካታለን። ወሬው ሲያልቅብሽ የምታዪውን ንገሪኝ፤ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥር፣ ቁልቁለት፣ ወደ ግራ። ጨዋታ ነው እንበለው። ድምፅሽ ወዳለበት እመጣለሁ። እግሬ እንደሆነ ደህና ነው፤ እግሬን አትጠርጥሪው። ዳገት ላይ ብትደክሚ ከኋላ አለሁ፤ ሳላይሽም ከትንፋሽሽ አውቀዋለሁ፣ ትንፋሽ ማዳመጥ ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚችል የለም።

እምቢ የማለት መብት አለሽ። ይህን ሽማግሌ ይዤ ጫካ አልገባም ብትዪ አልቀየምሽም፤ ትንሽ አኮርፋለሁ፣ ፍጥነቴ ይሻሻላል። ከውድድሩ በኋላ፣ እምቢ ካልሽም ከዚያ በፊት፣ እናትሽ ያስያዘችልኝ ቀጠሮ ላይ እሄዳለሁ። የምን ቀጠሮ እንደሆነ እሷን ጠይቂያት። ስንት ጊዜ እንዳስተላለፍኩት ግን አትጠይቂያት፤ ትነግርሻለች።

ይህ ደብዳቤ እጇ እንዳይገባ ብዬሽ ነበር። እሱንም ትቼዋለሁ። ብታሳዪያትም ባታሳዪያትም ውሳኔው የአንቺ ነው። መሪ ማለት እንደዚያ ነው፤ የሚከተለውን ሰው የት እንደሚያደርሰው ራሱ ይጨነቅበታል። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። አንቺ ገና ሳትጀምሪ እወቂው።

በይ እንግዲህ። እግርሽ ድንጋይ አይንካው፤ ትንፋሽሽ ከዳገቱ ይርዘም። ከፊትሽ የሚያስደነግጥ አይግጠምሽ፣ ከኋላሽም የሚያሳፍር አይከተልሽ፤ እኔን አይጨምርም። ጥፍርሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ፤ አሥሩንም።

ቶሎ ጻፊልኝ። ፀጉር ሠሪዋ ጉሮሮዋን አጽድታ እየጠበቀች ነው።

በጣም የሚወድሽ፣ በጣምም የሚያናድድሽ፣
አያትሽ

ፖስታውን ልዘጋ ብዬ ተነሳሁ፣ ዞርኩ፣ ተመለስኩ። ደብዳቤ ስጽፍልሽ አንድ ነገር ሳልፈጥር እንደማላልፍ ታውቂያለሽ፤ ሁልጊዜም የትኛው ነው ብለሽ ስትፈልጊ ትስቂ ነበር። ዛሬ አትፈልጊ፤ ራሴ ልንገርሽ። ዳኛውን ትጠረጥሪ ይሆናል፤ እሱ ከጻፍኩት የባሰ ነው እንጂ የጨመርኩበት የለም። ድመቷን የመሰለው አያያዝም እውነት ነው፤ አንገቴ ላይ ምልክቱ አለ። የፈጠርኩት ጉሙን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ሁሉም ሰው ሩቅ ድረስ ያይ ነበር።